የአትላሷ መርከብ

አሮጌ ዕቃ ጣሉ ሲባሉ የሚያኮርፉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ሐይቅ በሌለበት ሰፈር፣ እዚህ አዲስ አበባ አትላስ፣ በግቢያቸው ውስጥ መርከብ ያድሳሉ።

ድሮ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው ታመላልስ የነበረች፣ ግራና ቀኟ ባሉ መንኮራኩሮች ውኃውን እየገፋች በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ መርከብ ናት። ዝገት በልቷት ከወደቀችበት ዳርቻ ፈታትተው አምጥተው ለዓመታት ሲበይዷት፣ ሲሞርዷት ኖሩ። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ፣ "ሰው ቦሌ ላይ ፎቅ ይሠራል፤ የኔው ኖኅ መርከብ ይሠራል!" እያሉ ያማርሩ ነበር።

የመውጫዋ ቀን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መርከቧ በበሩ አላልፍ አለች። ያን ሁሉ ብረት የገሩት ጋሽ መኮንን መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"በቃ፣ ቆራርጠን እናውጣት" አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ።

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "እሷን ከምትቆርጥ አጥሩን አፍርሰው!"

ሰፈርተኛው ዶማ ይዞ ወጣ፤ አገር የሚፈርስ እስኪመስል አጥሩ ተናደ። መርከቧም በከባድ መኪና ተጭና በቦሌ መድኃኔዓለም በኩል እንደ ሙሽራ በእልልታ አለፈች።

ዝዋይ ድረስ ተከትለናት ሄድን። ምድጃዋ ተቀጣጠለ፣ መንኮራኩሮቿ ውኃውን መቱት፣ ሄደች! ወደ ሐይቁ ደሴቶች የሚሻገሩ መንገደኞች እየተሳፈሩ፣ "ማን ነው ያደሳት?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ መኮንን እንባቸውን ሲጠርጉ እትዬ ጽጌ ቀደሟቸው፦ "እኛ ነን እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል!"

እኔም አጠገባቸው ቆሜ ደረቴን ነፋሁ። አንዲት ብሎን እንኳ አላጠበቅኩም፤ ግን ጎረቤት አይደለሁ?