ድኩላዋ የምትወጣባት ቀዳዳ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ ሊቃውንቱ። እውነታቸውን ነው። ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ስለሆንሁ አልከራከራቸውም። ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ የሚወርሰው ማን ነው? እናንተ የተማራችሁት ይህቺን ብትመልሱልኝ፣ ለእርጅናዬ አንድ እውቀት ባገኘሁ ነበር። ብዙ መናገር አልወድም፤ የሆነውን ልንገራችሁና ዝም እላለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አገሬ ስማዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቱ ጋ ነው አትበሉኝ። ከወገዳ በኩል በሁለት በቅሎ ዕቃ አስጭኖ አንድ መነጽራም ወጣት መጣ፤ አሥራት ይባላል። ውጭ አገር ተምሮ፣ ዶክተር ለመባል አንድ ጥናት ብቻ ቀርቶታል ተባለ። ዶክተር ሲባል የአገሩ ሕመምተኛ ሁሉ ተነሣ። ጉልበቱን የሚቆረጥመው፣ ሆዱን የሚነፋው ደጁ ላይ ተኮለኮለ።

«እኔ የማጠናው ድኩላ ነው» አለ ልጁ ጨንቆት።

«ድኩላ ደግሞ ምን ሆነ? ታመመ?» አሉት ጥርሳቸውን የያዙ አንዲት አሮጊት።

«አልታመመም እማማ። የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ስንቱ እንደሚተርፍ እየጻፍሁ በካርታ የምሥለው ነው።»

«ጉድ በል አገሬ! ጤነኛ ድኩላ ለማየት ይህን ሁሉ ዳገት!» ብለው ጥርሳቸውን እንደያዙ ሄዱ።

ድኩላ የሚያውቅ ማን ነው ሲባል ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማወቄስ አይቀርም፤ ባቄላዬን በየዓመቱ አብረን ነው የምንበላው። ከማሳዬ በላይ የደብሩ ደን አለ። ቅጽር የገባ አውሬ በእኛ አገር አይነካም፤ አዳኝ ከኋላው እየሮጠ ቢደርስ እንኳ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ፣ ተሳልሞ ይመለሳል። ከቅጽር ከወጣ ግን የባለ ጠመንጃው ነው። ድኩላ ደግሞ ምን ያድርግ፣ ውሃ ይጠማዋል። ጎህ ሲቀድ በአንዲት የካብ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ቀዳዳዋን የማውቃት እኔ ነኝ።

ልጁን ወደድሁት። የድኩላ በጠጥ በወረቀት እየጠቀለለ እንደ ቤተ ክርስቲያን እምነት ሲያስቀምጥ ባየውም አልሳቅሁበትም። ኮቴውን አሳየሁት፤ ተኝቶ የተነሣበትን ሣር አሳየሁት። ቀዳዳዋን ላሳየው አንድ ቀን ሲቀረኝ ግን አደን የሚወድ አንድ ሹም ምሳ ጠራው። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። «ካርታህን ስትጨርስ አንድ ግልባጭ ለእኔ» አለው ሹሙ። ልጁም ሥጋውን እያኘከ፣ «ደስ ይለኛል» አለ።

አያችሁ? ወራሹ ታወቀ።

በማግሥቱ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ በየት ነው የሚወጡት?» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ አልነግርህም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አላውቅም» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ የምናገረው ጥቂት ነውና፣ ያችኑ ጥቂት በውሸት አላበላሻትም።

«ለሳይንስ እኮ ነው ጋሼ! እርስዎ ካልነገሩኝ ትምህርቴ ገደል ገባ።»

«ሳይንስህ ደግ ነው። ባለ ጠመንጃ ወዳጅ ግን አብጅቷል።»

ነገሩ ሹሙ ጆሮ ገባ፤ አስጠራኝ። «አንተ፣ ባቄላህን ለሚጨርስ አውሬ ነው ጥብቅና የቆምኸው?»

«ባቄላው የእኔ ነው ጌታዬ። ጠቡም የእኔ ነው።»

በእህል ቤቱ ውስጥ አስቆለፈብኝ፤ እስክናገር። ጊዜው ኅዳር ነው። የእኔ ገብስ ደርቆ፣ ረግፎ ሳያልቅ ማጭድ ይጠብቃል፤ እኔ በሰው ገብስ መካከል ተቀምጫለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። ሦስት ቀን ዋልሁ፣ አደርሁ። አልተናገርሁም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ቁጭ ብሎ በጆሮዬ፣ «ቀዳዳዋን አገኘኋት» አለኝ። ሌሊቱን ሁሉ ካቡ ሥር ተኝቶ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ድኩላዋ ስትወጣ አይቷታል። «ግልገል ታስከትላለች።»

  ገብሴም ድኩላዋም በአንድ ቀን ሄዱ አልሁ በልቤ። ደብተሩን ገለጠና፣ «ለሹሙ የሰጠሁትን ላንብብልዎት» አለ። «በዚህ ደን ድኩላ አልተገኘም» ይላል።

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ግን አቀርቅሮ መነጽሩን ይጠርጋል።

ሹሙ ወረቀቱን አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ አሉ። «የሌለ ድኩላ የሚጠብቅ እብድ ነው፤ ልቀቁት!» አለ። እብድ እየተባልሁ ወጣሁ፤ ከገብሴም የተረፈውን አጨድሁ። ልጁ ዶክተር ይባል፣ ሳይባል ይቅር፣ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያነበበልኝ የጻፈውን ይሁን ሌላ፣ ፊደል የማላውቅ ሰው በምን አውቃለሁ? ግን አዳኝ አልመጣም። የእኔ ንባብ ይኸው ነው።

ታዲያ ድኩላዎቹ ተረፉ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባቄላዬ ዘንድሮም ተበልቷል።

በየት ወጥተው?

አውቃለሁ፤ አልነግራችሁም።