አሥር አሥር ነጥብ በአዘኔታ

ስኬታማ ተማሪ ማን ነው? አንዳንዱ ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጣ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ደብተሩን በጋዜጣ የሚለብድና አስተማሪ ሲገባ ቀድሞ ብድግ የሚል። እኔ ግን ጉዳዩን ለዓመታት በጥሞና መርምሬ የደረስኩበት ሌላ ነው፦ ስኬታማ ተማሪ ማለት ሮስተር እንዲደምር የሚታመን ተማሪ ነው።

ሮስተር የማታውቁ ካላችሁ፣ የክፍሉን ተማሪ ሁሉ ስምና የየትምህርቱን ውጤት የሚይዝ አንሶላ የሚያህል ወረቀት ነው። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ላፍቶ ስንማር፣ የክፍላችን ኃላፊ የሰማንያ ሁለት ተማሪ ውጤት ለመደመር አቅሙ ስላልነበረው ሥራውን ለሁለት ጎበዞች፣ ለግርማና ለእኔ፣ ሰጠን። ግርማ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ እደምራለሁ። አንደኛ እኔ ነበርኩ፣ ሁለተኛ ግርማ። ማን ደመረው አትበሉኝ።

ሰባተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የጫልቱ ተራ ደረሰ። ጫልቱ በየማለዳው ከለቡ ወተት ተሸክማ አስፋልቱ ድረስ ትመጣና ለደንበኞቿ አድላ ክፍል ስትገባ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ ይጥላታል። መውደቋን የማያውቅ አልነበረም። አባቷ አቶ ቶሎሳም ቁርጡን ነግረዋታል፦ «ካለፍሽ ትማሪያለሽ፤ ከወደቅሽ ከላሞቹ ጋር ቤትሽ ትውያለሽ።»

ግርማ ማንበብ ጀመረ። «ሒሳብ አርባ ስምንት» ሲል ሃምሳ ስምንት ብዬ ያዝኩ። «ጂኦግራፊ ሃምሳ ሁለት» ሲል ስድሳ ሁለት። በአዘኔታ ብቻ ነው፤ ሌላ የምታስቡት ካለ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ዘጠኙም ትምህርት እንዲህ አለቀና ድምሩን ሳይ ደነገጥኩ። ለካ ግርማም አሥር አሥር እየጨመረ ነበር የሚያነበው! እሱም በአዘኔታ። ቀና ብዬ ሳየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ልመልሰው ስል ኃላፊያችን ድምሩን ከእጄ ተቀብሎ በእስክሪብቶ አሰፈረው።

ካርዷ ላይ ያለውን ውጤት ደምሮ ያጣራ አልነበረም። ደረጃ ተጽፎ ሳለ ማን ውጤት ያያል? እሷም አላየችም።

ከአንድ እስከ አምስት ለወጡት ደብተር ሲሸለም ስሟ ተጠራ። አምስተኛ! አቶ ቶሎሳ ከወላጆች መሀል ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንዲህ ያለችውን ልጅ ነው ወተት የማሸክመው? እኔ ነኝ ጥፋተኛው!»

ከዚያ በኋላ ወተቱን ራሳቸው ማመላለስ ጀመሩ። ጫልቱም ማለዳ ማለዳውን ደብተሯን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። እንቅልፏን ስትጠግብ ለካ የሚስተካከላት አልነበረም።

ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሮስተሩ ለእሷ ተሰጠ። ደምራ ስትጨርስ አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እኔ፤ በመካከላችን አንድ ነጥብ። ተጠጋኋት።

«ጫልቱዬ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ጣል አድርጊልኝና እኩል እንውጣ።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«አታፍርም እንዴ አንተ? አምና አምስተኛ ስወጣ ለእኔ ማን ጨመረልኝ?»

እንደ ግርማ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሁለተኛ ወጣሁ።