ማጭድ የሚመስለው ቢላና የወይዘሮ ኤልሲ ግንድ

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩ ኅዳር፤ አየሩ ጭጋግ። ለንደን ዳር ኤድመንተን ላይ ጭጋግ ሲወርድ የባቡሩ ድምፅ ይመጣል እንጂ ባቡሩ አይታይም።

እንጨት ሲፈለጥ አይቻለሁ። ሲጠረብም አይቻለሁ። እንጨት ሲዞር ግን ያየሁት እዚሁ እንግሊዝ አገር ነው። ልጄ ታደሰ በቀይ ሽብሩ ጊዜ በመተማ በኩል ወጥቶ ከብዙ እንግልት በኋላ ለንደን ገባ። እኔንም ሞፈሬን አስጥሎ አስመጣኝ። ምን ሠርተህ ትኖራለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ከግንድ ሳህን አወጣለሁ አለኝ። በእኛ አገር ገበቴው ይወደዳል፣ ጠራቢው ይታማል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉታል። ከአባት ከአያቱ ገበሬ የሆነ ልጅ፣ ባሕር ተሻግሮ ጠራቢ ይሁን? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ አይደል?

ወርክሾፗ የሚስተር ሃሮልድ ናት። ሃሮልድ ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ በሚሉት ማዞሪያ ማሽን ላይ ቆሞ እንጨት ሲያዞር የኖረ። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚያዞርለት ታደሰ ነው። እኔ ጥግ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሃሮልድ አማርኛ አያውቅም፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ስለዚህ በደንብ እንግባባ ነበር።

አንድ ቀን ሃሮልድ በጭነት መኪና ግንድ አመጣ። ከጓሮው ነፋስ የጣለው ዛፍ ነው። ስሙን ነግረውኛል፣ አልያዝኩትም። ሌላው ሁሉ ውስጡን በስብሶ ይህ አንድ ቁራጭ ብቻ ደህና ተገኘ። ሃሮልድ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። ሚስቱ ኤልሲ ከሞተች ወዲህ ሦስቱ አይነጋገሩም። አባትየው ታዲያ ከዚህ ከአንዱ ግንድ ሦስት ሳህን ወጥቶ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ለሦስቱ ይድረስ አለ። ከተበላሸ ሌላ ቁራጭ የለም። አበቃ።

ለምን ይሄኛው ዛፍ ሆነ ብዬ ታደሰን ጠየቅሁት። ወደ ምድር እያየ ነገረኝ። ኤልሲ ስትሞት እንደ አገራቸው ልማድ አስከሬኗ ተቃጠለ። አመዷን የዛፉ ሥር በተኑት።

በስመአብ አልኩ። ሰው ይቃጠላል? ይሁን፣ የአገሩን በሬ በአገሩ ሰርዶ ነው። ግን እኔ ገበሬ ነኝ። አመድ ማሳ ላይ ሲደፋ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ዝናብ ያወርደዋል፣ ሥር ይጠጣዋል፣ ወደ ላይ ይወጣል። እና ሴትዮዋ አሁን የት ናት? እስቲ አንተው ንገረኝ።

ከአንድ ግንድ ሦስት ሳህን በተለመደው መሮ አይወጣም። መሮ ሆዱን ፍቅፋቂ አድርጎ ይጨርሰዋል። ሆዱን ሳይነካ ዙሪያውን ቆርጦ ሳህን ከሳህን ውስጥ የሚያወጣ ቢላ ያስፈልጋል። ለምርጫው ጋሽ ተክሌ ከስትሪትሃም ተጠራ። ተክሌ ኤርትራዊ ነው፤ በልጅነቱ አሥመራ ጣሊያን ቶርኖ ቤት ያደገ፣ ከእኔ በቀር የማይፎክርበት ሰው የለም። በእኔ ላይ ደግሞ ይሳለቅብኛል።

“አንተ ገበሬ፣ ዛሬስ ምን አረስክ?” ብሎ ገባ።

ሁለት ዓይነት ቢላ ቀረበ። አንዱ ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ቆልማማ፣ ቁርጥ ማጭድ። ተክሌ ቀጥ ያለው ይሻላል፣ አይንቀጠቀጥም አለ። ሃሮልድ እጁን እንደ ሳህን አጥፎ አሳየው፤ ሳህን ሆዱ ክብ ነው፣ ቀጥ ያለው ሄዶ ሄዶ ሾጣጣ ነው የሚያወጣው፣ ታቹ ድንጋይ ያህላል ማለቱ ነው። ሲከራከሩ ዋሉ። በመጨረሻ ማጭዱ ተመረጠ። እሱም ቢሆን ጉብጠቱ ይለያያል፤ በጣም የጎበጠው ትንሽ ሳህን ብቻ ያወጣል፣ ለጥ ያለው ታቹን ይበሳል። መካከለኛው ተወሰደ።

ቢላው ተመረጠ እንጂ ግንዱ ገና በእንግዳ ዓይን ያየን ነበር። ታደሰ ውጭውን ሊያስተካክል ቶርኖው ላይ ሰቀለው። እርጥብ ነበርና ሲዞር ውሃ ረጨ። ሃሮልድ ፊቱ ላይ ያረፈውን ውሃ አልጠረገውም። ከዚያ ታደሰ ማሽኑን አጠፋ። ግንዱ ቆመ። ሻይ ሊቀዱ ዞር ሲሉ፣ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ጎኑ ላይ ዓይን የመሰለ ጉጥ አለ። ጉጡ እኛን እያየ ነው የቆመው።

ታደሰ ሳቀ። “ምንም አይደለም አባባ። አንዱ ወገን ይከብዳል፤ የከበደው ወደ ታች ይወርዳል።”

እኔ ሃሮልድን አየሁ። ሃሮልድ አልሳቀም።

ከዚያ ግንዱን አውርደው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ቢላውን ለማሽኑ ልክ ማድረግ ያዙ። የቢላው እግር የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ሆነ። ተክሌ የነሐስ ቀለበት አበጅቶ ሞላው። የቢላው አፍ ከግንዱ እምብርት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ ይነክሳል፣ ከነከሰ ይይዛል። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ሲለኩ እኔና ግንዱ ተፋጠጥን።

እኔ የማውቀውን ሥርዓት አደረግሁ። በእኛ ቀበሌ ትልቅ ዛፍ አድባር ናት። በግንቦት ልደታ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሥሯ ቅቤ ተቀብቶ፣ ክፉ አታምጪብን ትባላለች። ቄሱ ይቆጣሉ። የሚቆጡት ግን ከጥላዋ ሥር ቆመው ነው። እዚህ ደግሞ የሰው ሚስት ያደረችበት ግንድ ያለ አንዳች ስንብት ቢላ ሊገባበት ነው። ሃሮልድ ለሻይ ዳቦው ያመጣት ቅቤ መስኮቱ ላይ አለች። አነሳሁና ቀባኋት። አድባር ደግሞ ከሥሯ ነው የምትቀባው። የግንዱ የሥር ወገን የማሽኑ መንጋጋ የሚነክሰው ወገን መሆኑን እኔ በምን ልወቅ?

ግንዱ ተሰቀለ። ታደሰ ማሽኑን በዝግታ አስነሳና ማጭዱን አስገባ። ግንዱ ጮኸ። እንደ እንጨት አልጮኸም። ቀጭን፣ ረጅም፣ በር ላይ ቆማ ሰው እንደምትጣራ ሴት። ሃሮልድ ከመቀመጫው ተነሳ። ታደሰ ፍቅፋቂውን እያወጣ ቀጠለ፤ ድንገት ቢላው ነክሶ ያዘ። ማሽኑ ይዞራል፣ ግንዱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። መንጋጋው ብቻ በባዶ ሲሽከረከር ታደሰ ዘሎ አጠፋው።

ተክሌ ቢላውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። እግሩን የያዘውን ብሎን አየና ፊቱ ተለወጠ። ብሎኑ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላት። ግንዱ ባይንሸራተት ኖሮ ብሎኑ ይበጠስ፣ ማጭዱም የልጄ ደረት ላይ ያርፍ ነበር። ባቡር አለፈ።

“ግን ለምን ተንሸራተተ?” አለ ተክሌ። ጣቱን መንጋጋው ውስጥ ሰደደ፣ አሸተተ። “ቅቤ! ማነው ቶርኖ በቅቤ ያሸ?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“አባባ፣ ምን አደረጉ?” አለ ታደሰ።

“አድባር ናት” አልኩ።

“አንተ ሰውዬ!” ተክሌ ራሱን ያዘ። “አሥመራ አንድ ሠራተኛ መንጋጋ ላይ ዘይት አንጠባጥቦ ጣሊያኑ ከከተማ አባረረው። አንተ ደግሞ ለቶርኖ ግንቦት ልደታ ታከብራለህ?”

“ልጁስ?” አልኩት።

የተሰነጠቀውን ብሎን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ተክሌ ሳይሳለቅብኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ባላ ትከል ይባላል፤ አንዱ ባላ ብሎኑ ነበር፣ ሌላው ቅቤው።

ታደሰ ነገሩን ለሃሮልድ አስረዳው። የቅቤውን፣ የአድባሩን፣ የአመዱን ሁሉ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ግንዱን አየ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። ታደሰ ሲተረጉም ሳቁን መያዝ አቃተው። “ቅቤው ጨው ያለው ይሁን ወይስ የሌለው? ነው የሚሉት።”

የሌለው አልኩ። ለአድባር ጨው ያለው ቅቤ ማን ይቀባል?

በማግስቱ አዲስ ብሎን ገባ። ተክሌ የቢላውን አፍ እንደገና ለክቶ በወረቀት ውፍረት ከፍ አደረገው። መንጋጋው በቤንዚን ታጥቦ ደረቀ። ቅቤው ጉጡ ላይ ብቻ ሆነ፤ የቀባው ራሱ ሃሮልድ ነው፣ በሚንቀጠቀጥ ጣቱ። ማጭዱ ገባ። ያን ቀን ጩኸት የለም። የሚያንጎራጉር ነገር ነበር እንጂ። መጀመሪያ ትንሹ እምብርት ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ከዙሪያው ሌላ ተለቅ ያለ ወጣ። ታደሰ ውስጣቸውን አለሰለሰና ሦስት ሳህን ሆኑ። ትልቁ፣ ጉጡ ያለበት፣ ገና ማሽኑ ላይ ነው። ታደሰ ማሽኑን አጠፋው።

ትልቁ ሳህን ቀስ ብሎ ዞረ። አሁን ሆዱ ባዶ ነው። የሚከብድ ወገን የለውም። በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ። ዞረ፣ ዞረ፣ ጉጡን ወደ ሃሮልድ አድርጎ ቆመ።

“ነፋስ ነው” አለ ተክሌ፣ ኮቱን እየፈለገ።

ሃሮልድ ሐሳቡን ለውጦ፣ ሁለቱን ትናንሾች ለልጆቹ እልካለሁ፣ ትልቁ እዚሁ ከእኔ ጋር ይቅር አለ። ታደሰ ተረጎመልኝ። እኔም መልስ ሰጠሁ። እናት ልጆቿ ተኳርፈው ወርክሾፕ ውስጥ አትቀመጥም፤ ሦስቱም ሳህን ሳይለያይ ትልቋ ልጅ ዘንድ ይግባ፤ ሌሎቹ ድርሻቸውን ሲፈልጉ እዚያው ይምጡ፣ ሲመጡ ይገናኛሉ በልልኝ አልኩ። ሽማግሌው እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ትልቋ ልጅ ዌምብሊ ነው የምትኖረው። ሳህኖቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትቼ በጋቢዬ ጠቀለልኳቸው። ከሃሮልድ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ሁለታችን ዳር ለዳር፣ ጥቅሉ መካከላችን፣ ወንበር ላይ። ትኬት ቆራጩ መጣና ስንት ናችሁ አለ። ይህችን ያህል እንግሊዝኛ እሰማለሁ። ሃሮልድ ሁለት ጣት ሊያወጣ ሲል ቀደምኩትና ሦስት ጣት አወጣሁ።

ሃሮልድ አየኝ። ጥቅሉን አየ። የሦስት ሰው ከፈለ።