አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ፈረንጅ ምግብ መሸጥ እንጂ ሰው መጋበዝ አያውቅም። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ አሌክሳንድሪያን አልፌ፣ ስሟን እስከ ዛሬ መጥራት ያቃተኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ ተጋብዤ፣ በርሃብ ልሞት የደረስኩ ሴት ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በዚህ በአሜሪካ አገር የማልፈራው ነገር የለም። ሃይዌይ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስታ ሲመጣ ሁለት ቀን ሳልከፍተው አሳድረዋለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ልጄ ሜሮን ብቻዋን እንዳትቀር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት። እናት የሆናችሁ ይገባችኋል...

በስንት ስለት ብራያን የሚባል ልጅ ተገኘ። ፈረንጅ ነው፤ ምን ይደረግ። አርሊንግተን ከሷ ጋር አንድ ቢሮ ይሠራል። ስገባ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ይህ ብቻ ይበቃኛል። ወድጄዋለሁ፣ ግን አልነገርኩትም።

አንድ ቀን ሜሮን፣ «እናቱ ልታገኝሽ ትፈልጋለች። እሷ ከተማ ያለ የጣሊያን ሬስቶራንት ሪዘርቭ አድርጋለች» አለችኝ።

«ምን ልትለኝ ነው?»

«እማዬ፣ ጀስት ዲነር ነው።»

ለጀስት ዲነር ይህን ሁሉ መንገድ ማን ይነዳል? የትዳር ነገር መሆኑ ገባኝ። ሜሮን ስትነዳ እኔ አጠገቧ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ጸሎት ብቻ ደጋገምኩ፦ «አምላኬ፣ አፌን ጠብቅልኝ፤ ይህን ነገር እኔ እንዳላበላሸው።»

ምግብ ቤቱ በልብስ ማጠቢያና በጎማ መሸጫ መሃል የተሸጎጠ ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት ጎንጉነው ሰቅለዋል። እኛ ቤት ነጭ ሽንኩርት የሚገባው ወጥ ውስጥ ነው። መብራት ሞልቶ በተረፈበት አገር ጠረጴዛው ላይ ሻማ ለኩሰዋል። ነጠላዬ እንዳይያያዝ ሰብሰብ ብዬ ተቀመጥኩ። ብራያንና እናቱ ቀድመውን ደርሰዋል። እናቱ፣ ሊንዳ፣ ረጅም ሽበታም ሴት ናት። እንግሊዝኛ አለመቻሌን እንደ መደንቆር ቆጥራው መሰለኝ፣ ጮክ ብላ ቃል በቃል እየቆራረጠች ታናግረኛለች።

አስተናጋጇ፣ የኔ እኩያ የምትሆን ሴት፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። እኔ ሜኑውን እንደሚያነብ ሰው እያገላበጥኩ ነበር። «ላንቺስ?» አለችኝ።

«ኖ፣ ታንክዩ። በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር የቀመስኩት የለም። ግን ንገሩኝ እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉኝ ነበር? «ኧረ በሞቴ፣ ትንሽ» ትሉኛላችሁ። እኔም «ኧረ ጠግቤያለሁ» እላለሁ። እናንተ ትቆጡኛላችሁ፣ እኔ እያንገራገርኩ እበላለሁ። ሰውና ሰው እንዲህ ነው የሚተዋወቀው። ሴትዮዋ ግን ሜኑውን ከእጄ ወስዳ ሄደች። በቃ።

«ሹር?» አለኝ ብራያን።

«ሹር» አልኩት፣ አሁን ይለምነኛል ብዬ። እሱ ወደ ዳቦው ዞረ። ሌላ ቀን ቢሆን ሜሮን ታድነኝ ነበር፤ እሷ ግን ጭንቅ ይዟት ናፕኪን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

ምግቡ መጣ። ፓስታ! ፓስታ እኮ እኔ ሲደክመኝ የምሠራው ነው። ያውም አልበሰለም፤ ሊንዳ ስታኝከው ይሰማኛል። «ደሊሸስ» እያለች ነው የምታኝከው። እኔ ውሃዬን ይዤ ሹካቸው ሲወጣና ሲወርድ በዓይኔ እከተላለሁ። ሆዴ ይጮሃል፤ በሳል እሸፍነዋለሁ።

ሊንዳ አፏን ጠረግ አድርጋ ወደኔ ዞረች። «በናንተ ባህል የልጅቱን ቤተሰብ ሽማግሌ ሄዶ ይጠይቃል አሉኝ። እኔ ሽማግሌ የለኝም፤ ስለዚህ ራሴ ልጠይቅሽ። ልጄ ልጅሽን ቢያገባ ትፈቅጂያለሽ?»

ሜሮን ናፕኪኗን እንደያዘች ተረጎመችልኝ። የስንት ዓመት ጸሎቴ በነጭ ሽንኩርት ሥር መልስ አገኘ። ግን ወዲያው «እሺ» ብል ምን እባላለሁ? ልጄ ተርፋኝ ነው? እኔ ስዳር አባቴ ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ ነው ያመላለሳቸው፤ ሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር፣ አላዘነላቸውም። ስለዚህ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ጨዋ ሴት «ኖ» አልኩ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

ጠበቅሁ...

ሊንዳ እጄን ዳበሰችኝ። «ኦኬ። ሀሳብሽን አከብራለሁ» አለች።

ብራያን እንደ ፓስታው ነጣ። ሜሮን ወንበሯን ገፍትራ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። የሰው ሀሳብ ማክበር ይህን ያህል ጉድ እንደሚያፈላ ያን ቀን አየሁ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተከተልኳት። አፌን ጠብቅልኝ ያልኩት አምላክ፣ አንዲት ፊደል ስታመልጠኝ የት ሄዶ ነበር?

«የምትወጂው መስሎኝ ነበር» አለችኝ እያለቀሰች።

«እወደዋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ኖ አልሽ?»

«አንዴ ብቻ ነዋ የጠየቀችኝ! በአንድ ጥያቄ ልጅ ይሰጣል እንዴ?»

ሜሮን ከእንባዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ... ፓስታውስ?»

«እሱንም አንዴ ነው የጠየቁኝ።»

«ኦ ማይ ጋድ። ርቦሻል?»

«ልሞት ነው።»

ሳቋ መጣ። ይዛኝ ተመለሰችና ለሊንዳ በእንግሊዝኛ አንበለበለችላት። ሊንዳ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ቀጥ ብላ፣ «እባክሽ፣ ልጅሽን ለልጄ ትሰጪልኛለሽ?» አለች።

«ገና ልጅ ናት» አልኩ።

ሊንዳ ደንግጣ ሜሮንን አየቻት። ሜሮን አንድ ጣት አሳየቻት፤ አንድ ይቀራል ማለቷ ነው። ይህን ጊዜ ብራያን ራሱ ተነሳ። «እማማ፣ በሞቴ» አለኝ። ሜሮን መቼ እንዳስጠናችው እንጃ። ሃምሳን ገና ማለፌ ነው፤ እማማ ያለኝን ወደፊት እንነጋገርበታለን።

«አንተ አትሙትብኝ። ኦኬ» አልኩት።

ተቃቀፍን። ሊንዳ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ የኔ ግማሹ የርሃብ ነበር። በመሃል አስተናጋጇ አንድ ኬክ ከአራት ማንኪያ ጋር ይዛ መጣች። «ኬክ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«ኖ፣ ታንክዩ» አልኩ። ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ።

ሴትዮዋ አንዱን ማንኪያ አንስታ ዞር አለች።

«ቆይ» አላት ብራያን። «እንደገና ጠይቂያት። ሦስት ጊዜ ነው።»

ማንኪያዬን እንደያዘች ግራ ተጋብታ ጠየቀችኝ፤ እንቢ አልኩ። ሊንዳ በጣቷ ትቆጥራለች። በሦስተኛው ተቀበልኩና ቀመስኩት። ቡና የተደፋበት ስፖንጅ ነው።

ለዚህስ የመጀመሪያው ኖ ይበቃ ነበር።