ጋሽ ገዱ እና የ«ቢሆን ኖሮ» መጽሐፍ

በአገራችን አንድ ቦታ ከተማ ለመባል መናኸሪያ፣ የማይበራ የመንገድ መብራትና አንድ «ቢሆን ኖሮ» ባይ ያስፈልገዋል። ደባርቅ ሁሉንም አሟልታለች። የእኛው «ቢሆን ኖሮ» ባይ ክቡር ጋሽ ገዱ ናቸው፤ በሥራ የሰልባጅ ልብስ ነጋዴ፣ በማዕረግ ግን ያልሆነ ነገር ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ሱቃቸው ከመናኸሪያው አጥር ሥር ነው፤ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ከጎናቸው። የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ የሚሉት ሁሉ ይደርሰኛል።

«ዋልያ ቀንድ ባይኖረው ኖሮ ፈረንጅ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ድረስ ምን ይወስደዋል? ፈረንጅ ባይመጣ ሆቴል የለ፤ ሆቴል ባይኖር ቢራ የለ፤ ቢራ ባይኖር አንተ ዛሬ ራሴን አመመኝ ባላልክ!» ይሉኛል፤ የጠዋት ራስ ምታቴን ከዋልያ ቀንድ ጋር ሲያዛምዱ።

ሰርግ ከተጠሩ ደግሞ ሙሽራውን ጠጋ ብለው «ያን ቀን ዝናብ ባይጥል ኖሮ እኮ ልጅቱ ዳባት ሄዳ ሌላ ታገባ ነበር» ይሉታል። ሙሽራው ከዚያ ወዲያ ጉርሻ አይወርድለትም። «ኧረ ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ስንላቸው፣ «ባይፈስ ኖሮስ?» ብለው አፋችንን ያስይዙናል።

ይህን አመል ያባባሰው ልጃቸው ድረስ ነው። ድረስ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ከመተማ ሰሊጥ ይጭናል። አንድ ጊዜ ጎንደር ላይ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አሮጌ ልብ ወለድ ገዝቶ መጣ። «አባዬ፣ እንዳንተ ያለ ሰው አገኘሁልህ። እሱ ግን ጽፎ ነው የተገላገለው» አላቸው።

መጽሐፉ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ በዓለም ጦርነት የተሸነፉት አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ዓለም ምን ትመስል እንደነበር ይተርካል። ሽፋኑ የለም፤ ጀርባው በማዳበሪያ ከረጢት ክር ተሰፍቷል። የቀድሞው ባለቤት በየገጹ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ «ውሸት!» እያለ ጽፎበታል። ጋሽ ገዱ ከዚህ ከማያውቁት ሰው ጋር ጠብ ገጠሙ። «ውሸት መሆኑንማ የጻፈውም ያውቃል፣ አንተ ጅል!» እያሉ ከገጹ ጋር ሲጨቃጨቁ ገበያተኛ ቆሞ ይመለከታቸዋል። ድረስ ከመንገድ ሲመለስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ቀዩ ሰውዬ ዛሬስ ምን አለ?» ይላል። አባትና ልጅ ሲስቁ የቆርቆሮው ግድግዳ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ድረስን መተማ ላይ ወባ ያዘው። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ዘግይቶ ነበርና ሞተ። የቆላው ሙቀት ስለማያስቆይ ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት፤ ለሰፈራችን ሽማግሌዎችም በስልክ ነገሩ።

መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ ይኬዳል። የጋሽ ገዱ ባለቤት ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀረቻቸው ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃቸው ሐና ብቻ ናት። እሷ እስክትደርስ እንጠብቅ ተባለ። ለሷም «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ» ብቻ ተነገራት። እስከዚያው ደባርቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና እንድትውል ተወሰነ።

«ድረስ ስልክ አላነሳ አለኝ» አሉኝ ጋሽ ገዱ።

«ቆላው ላይ ኔትወርክ የለም አሉ» አልኳቸው።

«ቢኖር ኖሮማ ይደውል ነበር» አሉ።

ጥቂት ቆይታ ወይዘሮ አረጋሽ መጣች። ለአንድ ጥንድ ካልሲ እስከ ቀትር የምትከራከር ሴት ናት። ያን ቀን ሹራብ አንስታ በተጠራላት ዋጋ ከፈለችና መልሷን ሳትቀበል ወጣች። ከሷ በኋላ የመጣውም እንዲሁ አደረገ። ጋሽ ገዱ ብሩን እንደያዙ ወደ መንገዱ ብዙ አዩ። ከዚያ መጽሐፉን አወጡና ጮክ ብለው ያነቡልኝ ጀመር። «ውሸት!» የሚለው ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ሲብስብኝ ወደ ማሽኔ ሄጄ አለቅሳለሁ።

አመሻሽ ላይ ሐና ገባች። አባቷን ደኅና ሆነው ስታገኛቸው ግራ ገባት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ገብረ ኪዳንን አስቀድመን ሄድን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ገዱ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። አግዳሚ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሐና ከእንቅልፏ ተነሥታ ከኋላቸው መጣች።

«ልጄ ገዱ፣ ሰው በዚህ ዓለም እንግዳ ነው...» ብለው ጀመሩ ቄሱ።

«አባ፣ ጥቂት ይታገሡኝ» አሉ ጋሽ ገዱ። «መጀመሪያ ልጅቷን ልያዛት።»

ያዟት። ቄሱ ተናገሩ። ሐና ጮኸች፤ እሳቸው ግን «አለሁልሽ፣ አለሁልሽ» እያሉ ደግፈዋት ቆሙ።

ለቀስተኛው ጋብ ሲል አጠገባቸው ተቀምጬ «ጋሼ፣ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«አረጋሽ ሳትከራከር ገዛችኝ» አሉ። «የደባርቅ ሰው እንዲህ የሚያዝነው ሰው ለሞተበት ብቻ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አሉ?»

«ሐና ‹አሞሃል አሉኝ፣ እየመጣሁ ነው› ብላ ከመንገድ ደወለችልኝ፤ እኔም ‹አዎ፣ ነይ› አልኳት። እኔ ከጮህኩ ወሬው በስልክ ይደርሳታል። አውቶቡስ ውስጥ ማን ይይዛታል?» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ። «መጽሐፉንም ትናንት ቀኑንም ሌሊቱንም አገላበጥኩት። መንግሥት ይገለበጣል፤ ድንበር ይዛወራል፤ የተሸነፈ ያሸንፋል። የሞተ ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ ግን አልጻፈም ደራሲው። እሱንማ ሊጽፈው አልደፈረም።»

ይህን ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ፤ እስከዚያች ሰዓት የቆሙት ለሐና ነበር። እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው አለቀስኩ። እኒህን ሰው እንደ አባቴ እወዳቸዋለሁ።