ምክር የበዛባት ሰሚራ

እግራችሁ ቢሰበር ከተማችን ነገሌ አለችላችሁ። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ የማይመጣ ጎረቤት የለም። ወባ ቢይዛችሁ ሾርባው በየተራ ይደርሳችኋል። ውስጣችሁን ካመማችሁ ግን ብርቱካኑ ይቀርና ምክር ይመጣል። ምክር ደግሞ በነፃ ነው፤ ለዚህ ይሆናል የማያልቀው። ቆጣ ቆጣ ካልኩ ታገሡኝ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሰሚራ የጎረቤቴ የሸምሱ ልጅ ናት። ሸምሱ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈተ፣ ከደንበኛው ጋር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ሳቂታ ሰው ነው። ልጅቷም ሳቁን ወርሳለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳቋ ገና ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ሳቋ ጠፋ። ቀጥሎ እንቅልፏ፣ ቀጥሎ ምግቧ። ጓደኞቿ ሲመጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ቀን መምህሩ ለጥያቄ ሲያስነሳት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ምን አለ መሰላችሁ? «ፈተና ሲደርስ የምታመጣው ድራማ ነው።»

ከዚያማ ከተማው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ፍቅር ይዟት ነው» አለች። ሌላው «ስልኳን ቀሟት» አለ። ስልኩ ተቀማ፤ ልጅቷ ግን አልዳነችም። «ቅንጦት ነው፤ ሥራ ቢያበዙባት ይለቃታል» ያሉም ነበሩ። ውሃ እንድትቀዳ ላኳት። ቧንቧው አጠገብ ጀሪካኗን ታቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«ደክሞኛል ጋሼ። መተኛት አይደለም የምፈልገው። አለመኖር ነው።»

ጀሪካኑን እዚያው ትተን ተያይዘን አባቷ ሱቅ ሄድን። የሰማሁትን ነገርኩት። ጨርቅ እየቆረጠ ነበር፤ መቀሱን አስቀመጠና ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋው።

ሆስፒታል ያገኘናት ነርስ የአእምሮ ሕክምና የተማረች ናት። እሷ አልመከረችም፤ ጠየቀች። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ልቧ ምት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ። በመጨረሻም ድምፅዋን ሳትቀንስ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። እኔ ጥያቄውን ፈራሁት። ሰሚራ ግን በረጅሙ ተነፈሰችና «አዎ» አለች። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ድባቴ ነው፤ ከሱ ጋር የጭንቀት ሕመምም አለባት» አለች ነርሷ ወደ ሸምሱ ዞራ። «ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ። ሁለቱም ይታከማሉ። ለጊዜው ግን ብቻዋን አይተዋት።»

«ሁለት?» አለ ሸምሱ። «እኛ እኮ አንዱንም አላመንናትም!» እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

መድኃኒት ተጀመረ፤ በየሳምንቱ ከነርሷ ጋር መነጋገርም። ተአምር አልታየም። መጀመሪያ ትንሽ በላች። ሰንብቶ በር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። አንድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ሪሞት ከታናሽ እህቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምተን፣ ሸምሱና እኔ ጭቅጭቁን እንደ ሠርግ ዘፈን አዳመጥነው።

ከተማውስ ዝም አለ? ምን ሲደረግ! «የእብድ መድኃኒት ትወስዳለች አሉ፤ ማን ሊያገባት ነው?» ስትታመም ድራማ ነበር፤ ስትታከም እብደት ሆነ።

ያ መድኃኒት ነገሌ ውስጥ ያለቀ ጊዜ፣ እኔና ሸምሱ ልንገዛ ወደ ክብረ መንግሥት ተሳፈርን። አንድ የምናውቀው ነጋዴ ከፊታችን ካለው ወንበር ዞሮ «ሸምሱ፣ ጨርቅ ልታመጣ ነው?» አለው።

«አይደለም» አለ ሸምሱ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፤ «ለልጄ የድባቴ መድኃኒት ልገዛ ነው።»

ነጋዴው መስኮቱን ያይ ጀመር። እኔ ለሚቀጥለው መካሪ የሚሆን ስድብ እያዘጋጀሁ ሳለ፣ ከኋላችን የተቀመጡ እናት ጎንበስ ብለው የሸምሱን ትከሻ ነካ አደረጉት።

«ናጋ፣ ወንድሜ» አሉ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብለውት፣ በሹክሹክታ። «ያ መድኃኒት… ለወንድ ልጅም ይሆናል?»

ስድቤን ዋጥኩና ወንበር ተቀያየርን። እሳቸው ከሸምሱ ጎን፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ልጃቸው ከቤት መውጣት፣ ከሰው መነጋገር ካቆመ ዓመት አልፎታል። ዓመት! ለምን ለሰው እንዳልነገሩ ሸምሱ ሲጠይቃቸው፣

«ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ነዋ» አሉት።