ቁጥር አንድ ሳይፈጸም

ሜርል፦ ቆይ፣ ያንን ወረቀት ስታነበው ይሄ ስንተኛህ ነው?

ኤልውድ፦ አምስተኛዬ መሰለኝ።

ሜርል፦ አስራ ሁለት መስመር ለማንበብ አምስት ጊዜ?

ኤልውድ፦ አስራ ሁለቱንም አላነበብኩም። ገና ቁጥር አንድ ላይ ነኝ።

(አሪዞና በረሃ ዳር፣ በመኪና ቤት የሚኖሩ ሰዎች የሚያርፉበት ሰፈር ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ጊዜው ረፋድ። ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ኤልውድ በፒክአፕ የሚጎትተው ነጭ ተሳቢ ነው፤ ሌላው ሜርል ራሱ የሚነዳው፣ አውቶቡስ የሚያህል ቡናማ ቤት። መሐላቸው አንድ ምሰሶ አለ፤ የሁለቱም የውሃ ቧንቧና የመብራት ሶኬት እሱ ላይ ነው። ኤልውድ ከአዮዋ የመጣ ጡረተኛ ፖስተኛ ሲሆን ቤቱን ሽጦ መንገድ ላይ መኖር ከጀመረ ገና ወሩ ነው። ሜርል ስድስት ዓመት ኖሮበታል፤ ይህንንም ሳይጠይቁት ይናገራል። ሁለቱም እስከ አምስት ሰዓት ቦታውን መልቀቅ አለባቸው።)

ሜርል፦ ስማኝ ወዳጄ፣ ጀማሪ ስለሆንክ አልፈርድብህም። ግን ወረቀት እያየ ቤቱን የሚያስነሳ ሰው፣ አፉ የት እንዳለ ጠይቆ የሚጎርስ ሰው ነው። ሁሉም ነገር እዚህ መሆን አለበት። (ግንባሩን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል)

ኤልውድ፦ አንተ ወረቀት የለህም?

ሜርል፦ ምን ሊያደርግልኝ? ቁልፍ፣ ሞተር፣ መሪ፣ ደህና ሁኑ። አለቀ።

ኤልውድ፦ (ፊቱ እየፈካ) ታዲያ ዛሬ በስንት ሰዓት ትነሳለህ?

ሜርል፦ አንተን ሳላስነሳ? እንዴት ተደርጎ። አንተን መንገድ አስይዤ፣ እጄን አውለብልቤ፣ ከዚያ ነው እኔ የምነሳው።

(የኤልውድ ፊት ተመልሶ ይጨልማል። ወረቀቱን ያወጣል፤ ቁጥር አንድን ያነባል፤ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።)

ኤልውድ፦ አንተ ብትቀድም ይሻል ነበር።

ሜርል፦ ለምን?

ኤልውድ፦ ታላቅ ይቀድማል ብዬ ነው።

ሜርል፦ ለታናሹ የሚያዝን ታላቅ መጨረሻ ነው የሚወጣው። በል አሁን የውሃ ቱቦህን ንቀል።

ኤልውድ፦ ጎህ ሲቀድ ነቅዬዋለሁ። የመብራቱንም ገመድ ጠቅልዬ ጭኜዋለሁ።

ሜርል፦ እሺ፣ ፒክአፕህን ለምን ከመንገድ ማዶ አቆምከው?

ኤልውድ፦ ወረቀቱ ነው ያለው።

ሜርል፦ ተሳቢው እዚህ፣ መኪናው እዚያ። በሬው አንድ አገር፣ ሞፈሩ ሌላ አገር። ምን ዓይነት ወረቀት ነው ይሄ?

ኤልውድ፦ ቁጥር አንድ ነው። ግማሹን ፈጽሜያለሁ፤ ግማሹ ይቀራል።

ሜርል፦ ምኑ ነው የሚቀረው?

ኤልውድ፦ (ምሰሶውን ያያል፤ ሜርልን ያያል) ይቀራል።

(ሜርል በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ያለውን ደንቆሮ ሰው መንግሥት እንዴት ደብዳቤ ሲያሳድለው ኖረ ብሎ ሳይገርመው አልቀረም። ተጣጣፊ በርጩማ አምጥቶ ይቀመጣል። ሜርል ተቀመጠ ማለት ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው።)

ሜርል፦ እስካሁን ስንት ጊዜ ተነስታችኋል?

ኤልውድ፦ ሦስት ጊዜ።

ሜርል፦ እንዴት ነበር?

ኤልውድ፦ በመጀመሪያው ጊዜ አንቴናውን ሳላወርድ ነድቼ የሰው ዛፍ ቅርንጫፍ ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ የውሃ ቱቦውን ሳልነቅል ነዳሁ፤ እስከ ዋናው በር ተከትሎኝ መጣ።

ሜርል፦ ሦስተኛውስ?

ኤልውድ፦ የፍሪጁን በር መቆለፍ ረሳሁ።

ሜርል፦ ይሄማ ምን አላት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ኤልውድ፦ የኛ እንቁላል ሄዷል። ከፍሪጁ እስከ አልጋው፣ በአርዲስ እናት ምንጣፍ ላይ።

ሜርል፦ አርዲስ ሚስትህ ናት?

ኤልውድ፦ ሚስቴ ናት። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። ዝም ብላ ምንጣፉን አጥባ አሰጣችና ኦማሃ የሚሄደው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ስልክ ደውላ ጠየቀች። እህቷ እዚያ ናት። አራተኛው ላይ አንድ ነገር ቢሰበር እሷ በአውቶቡስ ልትሄድ ነው፣ እኔ እንደፈለግኩ።

ሜርል፦ አራተኛው መቼ ነው?

ኤልውድ፦ ዛሬ ነዋ። ልብስ ልታጥብ ላውንደሪ ቤት ናት፤ የአውቶቡሱን ሰዓት የጻፈችበት ወረቀት ኪሷ ውስጥ ነው። አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ሜርል። አንድ ቱቦ እንዲለያየን አልፈልግም። እሷ ከሄደች እኔ በዚህ ቤት አንዲት ሌሊት አላድርም።

(ሜርል በርጩማውን ያስጠጋል። ለሌላ ምክር ትንፋሽ ይሰበስባል።)

ሜርል፦ ሚስትህ እምነት ነው ያጣችብህ። የኔዋን ላቮንን እያት፤ እኔ ስነሳ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነው የምትሄደው። አሁንም ያው መጋረጃውን ዘግታ ተኝታለች።

ኤልውድ፦ ተኝታለች?

ሜርል፦ ምነው?

ኤልውድ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ተኝታለች ካልክ ተኝታለች።

ሜርል፦ እንግዲህ ዋናዎቹን ልንገርህ። አንደኛ፣ የሽንት ቤትህን የፍሳሽ ታንከር መክፈቻ ሁልጊዜ ክፍት ተወው። ራሱ እየፈሰሰ ይሄድልሃል።

ኤልውድ፦ ሻጩ ዝጋው፣ ሲሞላ ብቻ ክፈተው ብሎኝ ነበር።

ሜርል፦ ሻጭ ምን ያውቃል።

ኤልውድ፦ ቀጭኑ ከፈሰሰ፣ ወፍራሙ ምን ይሆናል?

ሜርል፦ ወፍራሙ… ወፍራሙ ይከተላል።

ኤልውድ፦ መንገዱን ካላወቀስ?

ሜርል፦ አንተ ሰውዬ ሁሉንም ነገር ደብዳቤ አደረግከው እኮ።

ኤልውድ፦ አይ፣ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ነው። ካረፍን ጀምሮ ነፋሱ ካንተ በኩል ነው።

ሜርል፦ የበረሃ ሽታ ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ ሊነሳ የሚዘጋጅን ሰው በፍጹም አያናግሩትም። ሐሳቡ ተበተነ ማለት አንድ ነገር ረሳ ማለት ነው።

(ኤልውድ ተሳቢው ጎን ተንበርክኮ የጎማ ብሎኖቹን በቁልፍ እያጠበቀ ይቆጥራል።)

ኤልውድ፦ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…

ሜርል፦ እኔ ስዘጋጅ የሚያናግረኝ ሰው ካለ ጠላቴ ነው። አንድ ጊዜ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ሰውዬ እንዲሁ መጥቶ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል። እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ፣ እሰማለሁ። ስንት ደረስክ?

ኤልውድ፦ ጠፋኝ። ከአንድ ልጀምር።

ሜርል፦ አየህ፣ ሐሳብህን አትሰበስብም።

(ከሰፈሩ ወዲያና ወዲህ ሰዎች ተጣጣፊ ወንበር በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። በመንገዱ ማዶ በረድፍ ይዘረጋሉ። አንዲት ሴትዮ የፈንዲሻ ሳህን ይዛለች።)

ሜርል፦ ይኸው መጡልህ። እዚህ በረሃ ቲያትር ቤት የለንም፤ ያለን ጀማሪ ነው። ጀማሪ ሲነሳ ሰፈሩ ወንበር ይዞ ይወጣል። አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ።

ኤልውድ፦ ያ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ የትም ሰፈር ቢሆን ቀርቶብን አያውቅም ነው ያለኝ።

ሜርል፦ ጀማሪ መች ይጠፋል።

ኤልውድ፦ ሕጉ ከአስራ አራት ቀን በላይ መቆየት ስለሚከለክል፣ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ የምትነሳው አንተ አይደለህም እንዴ?

ሜርል፦ ነኝ። ምነው?

ኤልውድ፦ አይ፣ እንዲሁ ነው።

(ኤልውድ ሰዓቱን ያያል፤ አራት ሰዓት ተኩል አልፏል። ወደ ላውንደሪ ቤቱ ያያል። አርዲስ የታጠበውን ልብስ በቅርጫት ይዛ ትወጣለች፤ ወደ ቤቷ ግን አትመጣም። ከማዶ ወንበሮቹ አጠገብ ትቆማለች። ኤልውድ ሰዓቱን እንደገና ያያል። ሜርል እሱ ካልሄደ አይሄድም፤ እሱ ደግሞ ሜርል ካልሄደ አይነሳም። ሰውን ተነስተህ ሂድልኝ ማለት ደግሞ አዮዋ ውስጥ ማንም አላስተማረውም። ከብዙ ጭንቀት በኋላ ላይ ላዩን ተራ የሚመስል ሐሳብ ይመጣለታል።)

ኤልውድ፦ ሜርል፣ እኔ በወሬ አይገባኝም።

ሜርል፦ እሱንማ አይቻለሁ።

ኤልውድ፦ በዓይኔ ያየሁትን ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳም። አንድ ጊዜ ባንተ ቤት ብታሳየኝ? እንዴት እንደሚነሳ አይቼ እኔም እንዳንተ አደርገዋለሁ።

ሜርል፦ (ደረቱ እየተነፋ) ይሄን ከጠዋቱ ብትለኝ ኖሮ እስካሁን ኒው ሜክሲኮ ነበርክ።

(ሜርል ወደ ቤቱ በር ይራመዳል። ኤልውድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይከተለዋል።)

ኤልውድ፦ ሜርል፣ የውሃ ቱቦህ…

ሜርል፦ ሁለተኛው ሕግ ምን ነበር?

ኤልውድ፦ አያናግሩትም። ግን የመብራቱ ገመድም…

ሜርል፦ ኤልውድ።

ኤልውድ፦ የበርህ መወጣጫም እንደተዘረጋ ነው።

ሜርል፦ ተማሪ አስተማሪውን አያቋርጥም። እዚያ ቁምና ተመልከት።

(ይገባል። ሞተሩ ይነሳል። ሜርል ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፍቶ፣ እጁን በመስኮት አውለብልቦ ይነዳል። መጀመሪያ የመብራቱ ገመድ ተወጥሮ ይበጠሳል። ቀጥሎ የውሃው ቱቦ ቧንቧውን ከምሰሶው ነቅሎ ይዞት ይሄዳል፤ ውሃው ሽቅብ ይፈናጠራል። የተዘረጋው መወጣጫ አንድ የቆሻሻ በርሜል ገጭቶ እስከ ወንበሮቹ ድረስ ያንከባልለዋል። የፍሳሹ ቱቦ ከኋላ እየተጎተተ የሚያፈሰውን ያፈሳል፤ የበረሃው ሽታ ከየት እንደነበር ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቤቱ ዞሮ ሲወጣ ጭራው የሚጠርገው፣ ፒክአፑ ባይርቅ ኖሮ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ነው። ከማዶ ጭብጨባ ይነሳል። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ «ከአስር ዘጠኝ» የተጻፈበት ካርቶን ከፍ ያደርጋል። ሜርል አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ይቆምና በእግሩ ይመለሳል።)

ሜርል፦ አየህ?

ኤልውድ፦ አይቻለሁ።

ሜርል፦ እንዲህ እንዳታደርግ ነው። ሆን ብዬ ነው ያሳየሁህ።

ኤልውድ፦ ገመዱንም?

ሜርል፦ ገመዱ ድሮም ረዝሞብኝ ነበር።

ኤልውድ፦ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች አሉ። ላቮንስ?

ሜርል፦ ላቮን ምን ትሆናለች? አልጋዋ ላይ ናት፤ ምንም አልተሰማትም።

(ከወንበሮቹ መሐል፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ አንዲት ሴት የቡና ስኒዋን ከፍ አድርጋ ሰላም ትለዋለች። ላቮን ናት።)

ላቮን፦ ሜርል፣ ውሃውን ዝጋው።

ሜርል፦ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?

ላቮን፦ አንተ ስትነሳ ውስጥ ሆኜ ካየሁ አራት ዓመቴ ነው። ሁልጊዜ ዋናው በር ላይ ነው የምሳፈረው።

(ሜርል ከላቮን ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ላቮን ያያል። ከዚያ ዓይኑ ኤልውድ ኪስ ላይ ያርፋል።)

ሜርል፦ እስቲ ያንን ወረቀት ስጠኝ። (ተቀብሎ ያነባል) «ቁጥር አንድ፦ ቱቦና ገመዳችሁን በጊዜ ንቀሉ፣ መኪናችሁን ከመንገድ ማዶ አርቁ፣ ሜርል እስኪወጣም ጠብቁ።» (ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል) ይሄ የላቮን የእጅ ጽሑፍ ነው።

ኤልውድ፦ ትናንት ላውንደሪ ቤት ለአርዲስ ጽፋላት ነው።

ሜርል፦ ቁጥር ሁለትስ ምን ይላል?

ኤልውድ፦ ገና አላየሁትም። ቁጥር አንድ ሳይፈጸም ወደ ሁለት አይታለፍም። (ተቀብሎ ያነባል) «ቁጥር ሁለት፦ የቧንቧ መፍቻው በሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ነው። ውሃውን ሲዘጋ እርዱት፤ ብቻውን አይችልም።»

(ኤልውድ ባልዲውን ፍለጋ ዞር ሲል አርዲስን ያያታል። ከላቮን አጠገብ ተቀምጣ በሳቅ እንባዋ ይወርዳል። ከአዮዋ ከወጡ ወዲህ ስትስቅ አላያትም ነበር። መሐረብ ፈልጋ ኪሷን ትዳብሳለች፤ ያገኘችው የአውቶቡሱን ሰዓት የጻፈችበትን ወረቀት ነው። በእሱ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ አፍንጫዋንም ትናፈጥበታለች፤ ጨምድዳ ከተንከባለለው በርሜል ውስጥ ትጥለዋለች። ኤልውድ መፍቻውን ከባልዲው አውጥቶ እሷን እያየ ይቆማል።)

ኤልውድ፦ (ወረቀቱን እያየ) አርዲስ፣ ቁጥር ሦስት ፍሪጁን መቆለፍ ነው።

አርዲስ፦ እሱን እኔ እቆልፈዋለሁ። አንተ ፒክአፑን አምጣ። (ወደ ሜርል ዞራ) ሜርል፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ የምትነሳው ከየት ነው?

ሜርል፦ ከተራራው ወዲያ ካለው ሰፈር ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?

አርዲስ፦ ቀደም ብለን ሄደን ከፊት ወንበር እንድንይዝ።